ድብቅ የኑክሌር ሙከራ ከመሬት መንቀጥቀጥ በምን ይለያል? የፉሪ ጣቢያስ ምን ይሠራል?

ፊዚክስ_ክበብ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ኑክሌር ሙከራ ሙሉ እገዳ ስምምነት ገለጻ እያዘጋጀሁ ነው። ታሪኩና ፖለቲካው የትም ይገኛል፤ የቸገረኝ የአሠራሩ ዝርዝር ነው።

ተማሪዎቹ መጀመሪያ የሚያነሡት በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የነበረውን ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። በዜናው ጥልቀቱ ደጋግሞ «10 ኪሎ ሜትር» ይባል ነበር። «ሁልጊዜ ልክ 10 የሚሆነው እንዴት ነው? ሰው ሠራሽ ፍንዳታ አለመሆኑስ በምን ይታወቃል?» ይላሉ። በቁጥር ብመልስላቸው ደስ ይለኛል።

ሌላው ደግሞ፣ አንድ አገር ትንሽ ቦምብ ሰፊ ዋሻ ውስጥ አፈንድቶ ሊደብቅ ይችላል የሚባለው ምን ያህል እውነት ነው? ፉሪ ላይ ያለው የእኛ የመሬት ንዝረት መለኪያ ጣቢያ ሙከራን በሚከታተለው ዓለም አቀፍ መረብ ውስጥ ድርሻው ምንድን ነው? ስምምነቱ እስካሁን በሥራ ላይ አልዋለም ይባላል፤ ታዲያ ይህን ሁሉ ጣቢያ ማን ነው የሚያንቀሳቅሰው? ፕሬዚዳንት ትራምፕ በአውሮፓውያኑ ኦክቶበር 2025 መጨረሻ «ሙከራ እንዲጀመር አዝዣለሁ» ካሉ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል።

ሞገድ_ቆጣሪ

ከ10 ኪሎ ሜትሩ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚደናገረው እሱ ላይ ነው። (እኔ የምጽፋቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ አለዚያ የአዋሹ 2017 ከሰሜን ኮሪያው 2017 ጋር ይምታታል።)

የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ጥልቀቱን ለማስላት በቂ ቅርብ ጣቢያ ሲያጣ ቁጥሩን 10 ላይ ያስረውና ቦታውንና ሰዓቱን ብቻ ያሰላል። ስለዚህ «10» የሚለው ብዙ ጊዜ የተለካ ሳይሆን ክፍት ቦታ የተሞላበት ቁጥር ነው። ጥልቀት በእርግጠኝነት የሚታወቀው ወይ ጣቢያ ከመነሻው አጠገብ ሲኖር ነው፣ ወይ ደግሞ ከመነሻው መጀመሪያ ወደ ላይ ወጥቶ፣ በመሬት ገጽ ተንጸባርቆ የሚመጣው ሞገድ ቀድሞ ከደረሰው ፒ ሞገድ ተለይቶ ሲታይ ነው። ለ10 ኪ.ሜ. ጥልቀት የሁለቱ ልዩነት 3 ሰከንድ ገደማ ስለሆነ ትንንሽ መንቀጥቀጥ ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ ይዋጣል።

ሙከራ ለሚከታተል ሰው ግን ጥልቀት የመጀመሪያው ወንፊት ነው። ሰው ከቆፈረው ሁሉ ጥልቁ ሩሲያ ውስጥ ያለው የኮላ ጉድጓድ 12,262 ሜትር ነው፤ ስፋቱም 23 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ስለዚህ በተለካ ጥልቀት 20 ወይም 30 ኪ.ሜ. ላይ የተነሣ ነገር ያለ ክርክር ይጣላል። የታሰረ 10 ሲሆን ይህ ወንፊት አያገለግልም፤ ወደሚቀጥለው መሄድ ግድ ነው።

የሚቀጥለው የመጀመሪያው ምት አቅጣጫ ነው። ፍንዳታ በዙሪያው ያለውን አለት በሁሉም አቅጣጫ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ስለዚህ የትኛውም ጣቢያ ላይ ያለ መርፌ መጀመሪያ ወደ ላይ ይነሣል። የመሬት መንቀጥቀጥ ግን ሁለት የአለት ገጾች ተፋትገው ሲንሸራተቱ የሚመጣ ነው፤ በአንዳንዱ አቅጣጫ ይገፋል፣ በሌላው ይስባል። ግማሹ ጣቢያ ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች ካሳየ ነገሩ አለቀ። ችግሩ ምልክቱ ደካማ ሲሆን የመጀመሪያው ምት በነፋስና በባሕር ሞገድ ንዝረት ውስጥ ይሰወራል፤ ከዚያ በኋላ ላይ ይሁን ታች የሚለው የባለሙያው ግምት ይሆናል።

ሦስተኛው የሁለት ማግኒቲዩዶች ንጽጽር ነው። ኤምቢ የሚባለው በመሬት ሆድ ውስጥ አልፎ ከሚመጣው አጭር ሞገድ ይለካል፤ ኤምኤስ ደግሞ በመሬት ገጽ ላይ ከሚጓዘው፣ ወደ 20 ሰከንድ ከሚረዝመው ሞገድ። ፍንዳታ መነሻው ጠባብ፣ ጊዜውም ቅጽበት ስለሆነ አጭሩን ሞገድ ያበዛል፣ ረጅሙን ያሳንሳል። ኤምቢያቸው እኩል ከሆነ የፍንዳታው ኤምኤስ ከመንቀጥቀጡ በግልጽ ያንሳል። ይህ መለኪያ ለአሥርት ዓመታት እንደ ዳኛ ሲታመን ኖሯል። የሰሜን ኮሪያ ሙከራዎች ግን ከተጠበቀው በላይ ኤምኤስ አሳይተው ወደ መለያው መስመር ተጠጉ፤ በዚህም ምክንያት የስምምነቱ መሥሪያ ቤት ያለባት ቪየና የምትጠቀምበት መስፈርት እንደገና ተከልሷል። ማንም በአንድ መለኪያ ብቻ አይፈርድም የሚባለው ለዚህ ነው። ለትንንሽ ክስተቶች የሚበጀው ከ6 ኸርዝ በላይ ባለው ድግግሞሽ የፒን ጉልበት ከእሱ ዘግይቶ ለሚደርሰው ለኤስ ሞገድ ጉልበት ማካፈል ነው፤ ፍንዳታ ሲሆን ፒ ይበልጣል። ይህ ግን ከመነሻው በጥቂት መቶዎች፣ ቢበዛ ከ1,500 እስከ 2,000 ኪ.ሜ. ክልል ውስጥ ጣቢያ ይፈልጋል፤ ከዚያ በራቀ ቁጥር ከፍተኛው ድግግሞሽ መንገድ ላይ ይሞታል።

ስለ አዋሽ ፈንታሌ ለተማሪዎቹ አጭሩ መልስ፦ ሳምንታት የዘለቀ፣ ቦታ እየቀየረ የሄደ፣ በራዳር ሳተላይት የመሬቱ ገጽ ሲለጠጥና ሲሰነጠቅ የታየበት የመንቀጥቀጥ መንጋ ነበር። ይህ ማግማ በስንጥቅ ውስጥ ሲገባ የሚታይ ጠባይ ነው። የኑክሌር ሙከራ አንድ ትልቅ ምት ነው፤ ተከታዮቹ ጥቂትና ትንንሽ ናቸው።

አሁን ቁጥሮቹ። ሰሜን ኮሪያ ፑንግየ-ሪ ላይ ስድስት ጊዜ ሞክራለች፦ ኦክቶበር 2006 ኤምቢ 4.1፣ ሜይ 2009 4.5፣ ፌብሩዋሪ 2013 4.9፣ ጃንዋሪ 2016 4.8፣ ሴፕቴምበር 2016 5.1፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 2017 ደግሞ 6.1። ወደ ኪሎቶን (የአንድ ሺህ ቶን ፈንጂ ጉልበት) ለመቀየር ለጠንካራና ቀዝቃዛ አለት የሚሠራበት ቀመር ኤምቢ = 4.45 + 0.75 × ሎግ (ኪሎቶን) ነው። በዚህ የ2017ቱ ወደ 160 ኪሎቶን ይጠጋል፤ የ2006ቱ ከ1 ኪሎቶን በታች። ማግኒቲዩድ በ0.2 ቢዛነፍ ኪሎቶኑ በእጥፍ ገደማ እንደሚለዋወጥ ግን አስታውሳቸው፤ በየዜናው የሚለያዩት ቁጥሮች ምንጫቸው እሱ ነው።

ቀመሩ ቦታ ካልመረጠ ምን ያህል እንደሚያጣላም የታወቀ ታሪክ አለ። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በ1974 ከ150 ኪሎቶን በላይ ላለመሞከር ተስማሙ። አሜሪካኖች የራሳቸውን የሙከራ ሜዳ የኔቫዳን ቀመር ይዘው ካዛኪስታን ውስጥ ያለውን የሶቪየቶችን ሜዳ የሴሚፓላቲንስክን ሙከራዎች ሲለኩ ሶቪየቶች ስምምነቱን ደጋግመው የጣሱ መሰላቸው። ኔቫዳ ሥር ያለው የላይኛው ማንትል ሞቃት ስለሆነ ሞገዱን ይውጣል፤ ካዛኪስታን ሥር ያለው ግን ቀዝቃዛና ጠንካራ ነው። ለአንድ ዓይነት ቦምብ ልዩነቱ 0.4 ማግኒቲዩድ ያህል ነው፤ በኔቫዳ ቀመር 150 ኪሎቶን የሴሚፓላቲንስክ ፍንዳታ ከ400 በላይ መስሎ ይታያል። ክርክሩ የረገበው በ1988 ሁለቱም ወገኖች አንዳቸው በሌላው የሙከራ ሜዳ መሣሪያ ተክለው በኦገስት ኔቫዳ ላይ፣ በሴፕቴምበር ሴሚፓላቲንስክ ላይ ጎን ለጎን ከለኩ በኋላ ነው።

ዜኖን133

ወንድሜ ከላይ የጻፈው ፍንዳታ መሆኑን ይነግርሃል፤ ኑክሌር መሆኑን ግን አይነግርህም። አንድ ሺህ ቶን ፈንጂ አንድ ላይ ብታፈነዳ ለሴይስሞሜትሩ ያው ነው። ማረጋገጫው አየር ውስጥ የሚገኝ ጋዝ ነው።

ፍንዳታው ከሚፈጥራቸው ነገሮች አብዛኞቹ ከቀለጠው አለት ጋር አብረው ይረጋሉ። ዜኖን ከምንም ጋር ስለማይዋሐድ በስንጥቅ በስንጥቅ ወጥቶ ያመልጣል። የሚፈለጉት አራት ናቸው፦ ዜኖን-135 (ግማሽ ዕድሜው 9.1 ሰዓት)፣ ዜኖን-133ኤም (2.2 ቀን)፣ ዜኖን-133 (5.2 ቀን)፣ ዜኖን-131ኤም (12 ቀን ገደማ)። የአንዱ ለሌላው ጥምርታ ጋዙ ከቦምብ ይሁን ለወራት ሲነድ ከኖረ ሬአክተር ይለያል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያበላሻል። አንደኛው ጊዜ ነው፤ ከሳምንት በላይ ከዘገየ አጭር ዕድሜ ያላቸው ሁለቱ ጠፍተው ጥምርታው የሚያሳየው እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለተኛው ለሆስፒታል የሚሆን ሞሊብዲነም-99 የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ናቸው። ዩራኒየም ለአጭር ጊዜ በኒውትሮን ደብድበው ወዲያው ስለሚያሟሙት የሚለቁት ዜኖን ከሬአክተር ይልቅ ቦምብ ይመስላል። በዚህ ምክንያት ቪየና ከአምራቾቹ ጋር ተነጋግራ ልቀታቸውን እንዲቀንሱ ወይም መቼ ምን ያህል እንደለቀቁ እንዲያሳውቁ ትጥራለች። በነፋስ ስሌት የጋዙን መንገድ ወደ ኋላ መከተልም አለ፤ እሱ ግን ከጊዜ ጋር እየሰፋ የሚሄድ ግምት ነው።

ከሰሜን ኮሪያ ሙከራዎች የተገኘው ልምድ የተደበላለቀ ነው። የ2006ቱ ጋዝ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ካናዳ ውስጥ የሎውናይፍ ተገኘ፤ ከ7,000 ኪ.ሜ. በላይ ተጉዞ። ከ2009ኙ አንዳች ዜኖን አልተገኘም። የ2013ቱ ጃፓን፣ ታካሳኪ ላይ የደረሰው ከ55 ቀን በኋላ ነው። ተማሪዎችህን አስላ በላቸው፦ 55 ቀን ለዜኖን-133 ከአሥር ግማሽ ዕድሜ በላይ ነው፤ ከመጀመሪያው መጠን የሚቀረው ከሺህ አንድ በታች። ጋዙ ተዘግቶ ቆይቶ ኋላ በአንድ ምክንያት መውጣቱን የሚጠቁም ነው።

የጋዝ ማምለጥ በጥልቀት ብቻ እንደማይወሰን የሚያሳየው ባንቤሪ ነው፤ ዲሴምበር 18 ቀን 1970 ኔቫዳ ላይ 270 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ የተሞከረ 10 ኪሎቶን። ጥልቀቱ ይበቃል ተብሎ ነበር። በአካባቢው ያለው ሸክላማ አለት ከተገመተው በላይ ውሃ ይዞ ስለነበረ መሬቱ ተሰንጥቆ ደመናው ሦስት ኪ.ሜ. ገደማ ወደ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ አሜሪካኖች እያንዳንዱን ጉድጓድ በባለሙያዎች ኮሚቴ ሳያስመረምሩ አይሞክሩም ነበር።

ከጋዙ ሌላ ብናኝ የሚለቅሙ ጣቢያዎች አሉ። ሥራቸው ሲታይ ቀላል ነው፦ በሰዓት ቢያንስ 500 ሜትር ኩብ አየር በማጣሪያ ውስጥ ይሳባል፤ ለ24 ሰዓት። ከዚያ ማጣሪያው ተጣጥፎ 24 ሰዓት ይቀመጣል፤ ከዚያ በጀርማኒየም መመርመሪያ ላይ ሌላ 24 ሰዓት። መሐል ላይ ያለው ዝም ብሎ መቀመጥ ጊዜ ማባከን ይመስላል፤ ነገር ግን ከመሬት የሚወጣው ሬዶን ልጆቹን (በተለይ 10.6 ሰዓት ግማሽ ዕድሜ ያለውን ሊድ-212) ማጣሪያው ላይ ያራግፋል፤ እነሱ ካልበረዱ የሚፈለገው ደካማ መስመር አይታይም። አቧራ በበዛበት ደግሞ ማጣሪያው ቶሎ ይደፈንና የአየሩ ፍሰት ከ500 በታች ይወርዳል።

የጨው_ጉድጓድ

የዋሻውን ጥያቄ ልመልስ። እውነት ነው፤ በተግባር ተሞክሯልም። አሜሪካኖች በኦክቶበር 1964 ሚሲሲፒ ውስጥ ታተም በተባለ የጨው ጉብታ ሆድ ውስጥ 5.3 ኪሎቶን (ሳልሞን) አፈነዱ። እሱ በከፈተው፣ 34 ሜትር ያህል ስፋት ባለው ዋሻ ውስጥ ደግሞ በዲሴምበር 1966 0.38 ኪሎቶን (ስተርሊንግ) አፈነዱ። አየሩ ግፊቱን ተቀብሎ ግድግዳው ሳይሰባበር እንዲለጠጥ ብቻ ስለሚያደርገው ምልክቱ 70 እጥፍ ያህል አነሰ። በማግኒቲዩድ ሲቀየር 1.8 ገደማ ነው። በጠንካራ አለት 4.45 የሚያሳይ 1 ኪሎቶን ወደ 2.6 ይወርዳል ማለት ነው፤ የማዕድን ቁፋሮ ፍንዳታ በየቀኑ የሚያሳየው መጠን።

እስከዚህ ድረስ ለደባቂው ጥሩ ነው። ዋጋውን ግን ተመልከት። ለ1 ኪሎቶን ጨው ውስጥ ወደ 900 ሜትር ጥልቀት ላይ 25 ሜትር ያህል ሬዲየስ ያለው ዋሻ ያስፈልጋል፤ ሲሰላ 65,000 ሜትር ኩብ፣ 140,000 ቶን ጨው። ሬዲየሱ በኪሎቶኑ ኩብ ሩት ስለሚያድግ የሚወጣው ጨው ከኪሎቶኑ ጋር እኩል እጥፍ ይሆናል፤ 5 ኪሎቶን የሚፈልግ ሰው 700,000 ቶን ማውጣት አለበት። ጨው በውሃ እየታጠበ ነው የሚወጣው፤ ያ ሁሉ ጨዋማ ውሃ የሆነ ቦታ ይፈሳል፤ ሳተላይት ያየዋል። ጨው የሌለበት አገር ግራናይት መፈልፈል አለበት፤ ግራናይት ደግሞ ስንጥቅ አያጣም።

ሌላም አለ። ያ 70 እጥፍ የሚሠራው ለዝቅተኛው ድግግሞሽ ነው፤ ወደ ከፍተኛው ሲወጣ ጥቅሙ በጣም ይቀንሳል። ሞገድ_ቆጣሪ ከላይ ያነሣው ቅርብ ጣቢያ የሚይዘው ደግሞ ያንኑ ነው። ቦምቡ ከታሰበው በላይ ከፈነዳ ዋሻው ይጠበውና ማፈኑ ይበላሻል፤ የመጀመሪያ ቦምቡን የሚሞክር አገር ቦምቡ ስንት ኪሎቶን እንደሚሆን አስቀድሞ በእርግጥ አያውቅም። ስለዚህ ይህ ዘዴ የሚሆነው ልምድ ላለው ነው፤ ልምድ ያለው ደግሞ ከ1 ኪሎቶን በታች ከሆነ ሙከራ የሚማረው አዲስ ነገር ትንሽ ነው። «ዋሻ ስላለ ቁጥጥር ከንቱ ነው» የሚለው ክርክር ለእኔ ብዙም አይዋጥልኝም።

አንቀጽ_14

ጥያቄህ «ማን ያንቀሳቅሰዋል» ነበር። ቪየና ያለው መሥሪያ ቤት በሕግ ስሙ አዘጋጅ ኮሚሽን ነው፤ ከ1996 ጀምሮ እያዘጋጀ ነው። ወጪውን ፈራሚ አገሮች በመዋጮ ይሸፍናሉ። የታቀዱት 337 ተቋማት ናቸው፦ 50 ዋናና 120 ረዳት የሴይስሚክ ጣቢያዎች፣ 60 የኢንፍራሳውንድ (ጆሮ የማይሰማው ዝቅተኛ ድምፅ)፣ 11 የባሕር ውስጥ ድምፅ፣ 80 የጨረር ጣቢያዎችና 16 ቤተ ሙከራዎች። ከ300 በላይ የሚሆኑት ተጠናቀው ይሠራሉ።

ስምምነቱ በሥራ ላይ ያልዋለው በአንቀጽ 14 ምክንያት ነው። በአባሪ ስማቸው የተዘረዘረ 44 አገሮች አንድ ሳይቀር ካላጸደቁት አይጸናም። አሜሪካ፣ ቻይና፣ ግብፅ፣ ኢራንና እስራኤል ፈርመው አላጸደቁም። ሕንድ፣ ፓኪስታንና ሰሜን ኮሪያ አልፈረሙም። ሩሲያ አጽድቃ ነበር፤ በኖቬምበር 2023 ማጽደቋን ሰረዘች። ኢትዮጵያ በ2006 አጽድቃለች፤ ከ44ቱ ግን አይደለችም፤ ዝርዝሩ ድርድሩ ላይ ከነበሩት ሬአክተር ያላቸውን ነው የያዘው።

አለመጽናቱ የሚያሳጣው ጣቢያውን ሳይሆን ፍተሻውን ነው። ስምምነቱ ቢጸና አንድ አባል አገር «እዚያ ቦታ አጠራጣሪ ነገር አለ» ብሎ ሲያመለክት 51 አባላት ያሉት የሥራ አስፈጻሚ ምክር ቤት (አፍሪካ 10 ወንበር አላት) በ96 ሰዓት ውስጥ ይወስናል፤ 30 የድጋፍ ድምፅ ያስፈልጋል። ቡድኑ ጥያቄው በቀረበ በስድስት ቀን ውስጥ መግቢያው በር ላይ መድረስ አለበት። ቢበዛ 40 ሰው፣ ቢበዛ 1,000 ካሬ ኪ.ሜ.፣ በየትኛውም አቅጣጫ ከ50 ኪ.ሜ. ያልረዘመ ቦታ። 60 ቀን፤ ሲራዘም 70 ይጨመራል፤ ጉድጓድ መቆፈርም ይፈቀዳል።

ስድስት ቀን የተባለው እንዲሁ አይደለም። ፍንዳታው ከተወው ክፍተት ዙሪያ ያለው አለት ሲረጋ የሚያሰማቸው ጥቃቅን ንዝረቶች በየቀኑ እየቀነሱ ይሄዳሉ፤ ቡድኑ ቦታውን የሚያጠብበው በእነሱ ነው። ከዚያ ከአፈር ውስጥ ጋዝ ይመጠጣል። ከዜኖን ሌላ አርጎን-37 ይፈለጋል፤ የቦምቡ ኒውትሮን አለቱ ውስጥ ያለውን ካልሲየም ሲመታ የሚፈጠር፣ ግማሽ ዕድሜው 35 ቀን የሆነ ጋዝ ነው። ይህ ሁሉ በ2014 ዮርዳኖስ ውስጥ ሙት ባሕር አጠገብ በልምምድ ተሞክሯል፤ ወደ 150 ቶን መሣሪያ ተጓጉዞ። ለእውነተኛ ጉዳይ ግን ዛሬ ማንም ሊጠይቀው አይችልም።

ደግሞ ይህን ለተማሪዎች ግለጽላቸው፦ ቪየና «ይህ የኑክሌር ሙከራ ነው» ብላ አትፈርድም። መረጃውንና ትንታኔውን ለአባላቱ ትሰጣለች፤ ፍርዱ የየአገሩ ነው። ድርድሩ ላይ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። የትንታኔ አቅም ለሌለው አገር ግን ፍርዱን ከኃያላኑ መዋስ ማለት ነው፤ ለእኔ የስምምነቱ ትልቁ ድክመት ይህ ነው።

ዜሮ_ኪሎቶን

ሁላችሁም ስለ ትልቁ ቦምብ ተናገራችሁ። የዛሬው ጭቅጭቅ ከዚያ በታች ነው።

ስምምነቱ የሚከለክለው «ማንኛውንም የኑክሌር ፍንዳታ» ነው፤ ቁጥር የለውም። አሜሪካ ሰንሰለታዊው ምላሽ ራሱን እስኪቀጥል ድረስ መድረስ የለበትም ብላ ትተረጉመዋለች። ኔቫዳ ውስጥ ከመሬት በታች 300 ሜትር ገደማ ላይ ባለ ቤተ ሙከራ ፕሉቶኒየም በተለመደ ፈንጂ ይደበደባል፤ ምላሹ ግን ራሱን አይቀጥልም። ሩሲያና ቻይና ይህን መስመር ያልፋሉ ስትል አሜሪካ ከ2019 ወዲህ ትከሳለች፤ ሁለቱም ያስተባብላሉ። በጥቂት ኪሎ ግራም ፈንጂ መጠን የሚለካ የኑክሌር ጉልበት፣ ያውም ብረት ዕቃ ውስጥ ታሽጎ፣ ከላይ የተዘረዘሩት ጣቢያዎች አንዳቸውም አያዩትም። እሱን የሚያይ እዚያው ቦታ፣ ከዕቃው አጠገብ የተተከለ የኒውትሮን መለኪያ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ የባለቤቱን ፈቃድ ይፈልጋል። 1988ን ያነሣው ወንድም ልክ ነው፤ መንገዱ ያው ነው፤ ልዩነቱ ዛሬ በር የሚከፍት መጥፋቱ።

አዲሱ ቴክኖሎጂ ደግሞ ሙከራን ለሀብታሞቹ አላስፈላጊ እያደረገው ነው። ካሊፎርኒያ ያለው ባለ 192 ጨረር ሌዘር በዲሴምበር 5 ቀን 2022 በ2.05 ሜጋጁል ብርሃን 3.15 ሜጋጁል የውሕደት ኃይል አወጣ። ዜናው ስለ ንጹሕ ኃይል ተወራበት፤ ተቋሙ በዋናነት የተሠራው ግን ያረጁ ቦምቦችን ሳያፈነዱ ለመጠበቅ ነው። ከሱፐር ኮምፒውተርና ከሺህ በላይ ያለፉ ሙከራዎች መዝገብ ጋር ሲደመር አሜሪካ ከሴፕቴምበር 1992 ወዲህ አንድም ሳትሞክር ክምችቷን ይዛ ቆይታለች። ሕንድ በ1996 ያነሣችው ቅሬታም ይኸው ነበር፤ እገዳው መዝገብ ለሌለው ይከብዳል እንጂ ላለው አይደለም። ቅሬታው ፍሬ አለው፤ ለመሞከር ምክንያት መሆኑ ግን አይታየኝም።

የማሽን ትምህርትም ገብቷል። ቪየና ኔት-ቪዛ የተባለ በፕሮባቢሊቲ የሚሠራ ፕሮግራም ትጠቀማለች፤ የየጣቢያውን ምልክት እያገጣጠመ አንድ ክስተት ይሠራል። ያለ እሱ ኮምፒውተሩ የማይገናኙ ምልክቶችን አንድ እያደረገ ያልነበረ ክስተት ይፈጥር ነበር፤ ባለሙያዎቹም ሲሰርዙ ይውሉ ነበር። ለመማሪያ የሚሆነው የኑክሌር ሙከራ ምሳሌ ግን ጥቂትና ያረጀ ነው፤ ከ1998 ወዲህ የሞከረች ሰሜን ኮሪያ ብቻ ነች፤ ያውም አንድ ተራራ ሥር። በመሳሰሉ ምሳሌዎች የሠለጠነ ሞዴል አዲስ ቦታ ላይ ምን እንደሚል ጥንቃቄ ይሻል።

በጦር መሣሪያው በኩል ያለው ስምምነት ከዚህ ይሳሳል። የያኔው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባይደንና የቻይናው ሺ በኖቬምበር 2024 ሊማ ላይ የኑክሌር መሣሪያን ለመጠቀም የሚወስነው ሰው እንጂ የማሽን አእምሮ አይሁን አሉ፤ ማረጋገጫ ዘዴ የለውም፤ ኮድ በሴይስሞሜትር አይለካም። ራሳቸውን ችለው ዒላማ ስለሚመርጡ መሣሪያዎች የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዲሴምበር 2024 ያወጣውን ውሳኔ 166 አገሮች ደገፉት፤ አስገዳጅ አይደለም። የአሜሪካና የሩሲያ የመጨረሻው የስትራቴጂክ መሣሪያ ውልም (1,550 የተጠመዱ አረሮች፣ በዓመት 18 የቦታ ፍተሻ) ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2026 ጊዜው አብቅቷል፤ ፍተሻው እንኳ ከማርች 2020 ጀምሮ ቆሞ ነበር።

ፊዚክስ_ክበብ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ፉሪን ግን ዘለላችሁት። ተማሪዎቹ የ2017ቱን የሰሜን ኮሪያ ሙከራ በእኛው ጣቢያ መረጃ ራሳቸው ሊያዩት ይችላሉ?

ሞገድ_ቆጣሪ

ይችላሉ፤ ምሥጢርም አይደለም። ፉሪ በስምምነቱ ረዳት ጣቢያ ነው፤ ቁጥሩ 30። ዋና ጣቢያዎች ያለማቋረጥ ወደ ቪየና ይልካሉ፤ ረዳት ግን ሲጠየቅ ብቻ ነው። ዋናዎቹ አንድ ክስተት ሲሠሩ የቪየናው ኮምፒውተር «ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ያለህን ላክ» ብሎ ይጠይቃል፤ ፉሪ ቦታውንና ጥልቀቱን ለማጥራት ያግዛል። የዋና ጣቢያ የሥራ ወጪ በድርጅቱ ይሸፈናል፤ የረዳቱ በአብዛኛው በባለቤቱ አገር። በዓለም ዙሪያ ረዳት ጣቢያዎች ከዋናዎቹ ይልቅ የሚቆራረጡት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ባትሪ፣ መለዋወጫ፣ የሳተላይት መስመር። ለአካባቢያችን ዋናው የሴይስሚክ ጣቢያ ኬንያ፣ ኪሊማምቦጎ ነው፤ ጅቡቲ ደግሞ የኢንፍራሳውንድ ጣቢያ አለ፤ በ2011 የኤርትራው እሳተ ገሞራ ናብሮ ሲፈነዳ በደንብ ሰምቶታል።

ፉሪ ከዚህ ሌላ የዓለም አቀፉ የምርምር መረብ አባል ስለሆነ መረጃው በነጻ ይወርዳል። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ኦብስፓይ የተባለውን የሴይስሞሎጂ መሣሪያ ጫንና ከኧርዝስኮፕ የመረጃ ማዕከል ጠይቅ፤ የመረቡ ኮድ አይዩ፣ ጣቢያው ፉሪ፣ ቻናሉ ቢኤችዜድ፣ ማለትም ቀጥ ብሎ ወደ ላይና ወደ ታች የሚለካው። መነሻው በዓለም ሰዓት 03፡30፡01 ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ 12፡30። ከፑንግየ-ሪ እስከ ፉሪ 84 ዲግሪ ገደማ፣ ወደ 9,400 ኪ.ሜ. ስለሆነ ፒ ሞገዱ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ከ03፡40 እስከ 04፡00 ያለውን አውርድ። ሳታጣራ ብታየው የባሕር ንዝረት ይሸፍነዋል፤ ከ0.8 እስከ 3 ኸርዝ ያለውን ብቻ አስቀር። ከ03፡42፡30 ጥቂት ሰከንድ በኋላ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያውን ምት አቅጣጫ ለማየት ግን ያልተጣራውንም ጎን ለጎን አስቀምጥ፤ ማጣሪያው ራሱ ምቱን ሊያዛባው ይችላል።

ከዋናው ምት 8 ደቂቃ ተኩል በኋላ ተራራው ውስጥ መደርመስ ነበር፤ ኤምቢ 4.1። እሱን ፉሪ ላይ ፈልጋችሁ ብታጡት አትገረሙ። ከኢትዮጵያ ሥር ያለው ማንትል እንደ ኔቫዳው ሞቃት ስለሆነ ደካማ ሞገድ ይውጣል፤ የዋናው ምትና የዚህኛው ልዩነት 2 ማግኒቲዩድ ነው፤ በስፋት መቶ እጥፍ። ጣቢያው ለዚያ ሰዓት መረጃ ከሌለው በዚያው ኮድ ኪሊማምቦጎን ጠይቁ፤ ርቀቱ 92 ዲግሪ ስለሆነ ሰዓቱን ወደ 35 ሰከንድ አዘግዩት።